ባለ ሙሉ ሥልጣኑ ያጣው መሣሪያ

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ ኮምፒውተር ነበር ስል የሚስቅብኝ ሰው ብዙ ነው። ይሳቅ። ኮምፒውተሩ ነበር፤ እኔም ነበርኩ። ምርጥ ዘር ለገበሬ ማኅበራት በሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ይሠራ ነበር። እኛ ከጉና ተራራ በሚወርደው ብርድ ካፖርት ደራርበን ስንንዘፈዘፍ እሱ ምንም አይመስለውም። መብራት የሚያገኘው ጓሮ ከተተከለው ጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተሩ ድምፁን የቀየረ እንደሆነ ሁላችንም የጀመርነውን ትተን እጃችንን ከኪቦርዱ ላይ እናነሳለን። ምን እንደሚጠቅም ባላውቅም እናነሳለን።

ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ነው። አዲስ አበባ ልከውኝ የኮምፒውተር ሥራ ተምሬ ስመለስ፣ የሰፈር ሰው ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኜ የመጣሁ መስሎት የተበላሸ ቴፕ በየቤቱ አስቀምጦ ጠበቀኝ። ጥቂቱን ጠግኜለታለሁ፤ የቀረውን አብሼ መልሻለሁ። በኮምፒውተሩ ግን አልታማም። ያን ማሽን አብጠርጥሬ አውቀው ነበር። ቁጡ እንደሆንኩም አልክድም፤ ነገር ሳይጣራ ሰው ሲወነጀል ሳይ ደሜ ይፈላል። በዚያ ዘመን ደግሞ ደም የሚያፈላ ነገር ሞልቶ ነበር።

ማሽኑን የምንጠቀምበት ጥቂት ሠራተኞች ነበርን። እያንዳንዳችን የየራሳችን መግቢያ ስምና የሚስጥር ቃል ነበረን። ከሁላችን ስም በላይ ግን አንድ ሌላ ስም አለ። በዚያ ስም የገባ ሰው ሁሉን ይከፍታል፣ ሁሉን ይደመስሳል፣ የሚከለክለው የለም። እኛ «ባለ ሙሉ ሥልጣን» እንለው ነበር። የሚስጥር ቃሉን የምናውቀው እኔና አለቃችን ብቻ ነን። እኔ ካልቸገረኝ በስተቀር አልነካውም፤ አለቃችን ደግሞ ጨርሶ ተጠቅሞበት አያውቅም። ማወቁ ብቻ ግን ደስ ይለው ነበር።

የማሽኑ ዋና ሥራ ለየገበሬ ማኅበሩ የሚደርሰውን ዘር ማስላት ነው። የአሰላሉ ፕሮግራም በየወቅቱ ይለወጣል፤ አንዴ የበሬው ብዛት ይግባ ይባላል፣ አንዴ ይውጣ ይባላል። ስለዚህ «እትም ጠባቂ» ብለን የሰየምነው አንድ መሣሪያ ነበረን። ፕሮግራሙ በተለወጠ ቁጥር አሮጌውን ሳይጥል ያስቀምጣል፣ የፈለግነውን ያለፈ እትም በአንዲት የማዘዣ ቃል አውጥቶ ይሰጠናል። ይህን መሣሪያ ከአዲስ አበባ መጥቶ የተከለልን ባለሙያ ማሽኑ ውስጥ ለብቻው በተከፈተ ማህደር አኖረውና፣ ለእያንዳንዳችን መግቢያ ስም «እዚህም ቦታ ፈልግ» የሚል መመሪያ አስገባለት። ቃሏን ስንጽፍ ማሽኑ እዚያ ድረስ ሄዶ ያመጣዋል። የት እንዳለ እንኳ ማንም አይጠይቅም ነበር።

ማሽኑ ላይ ከእኔ ይልቅ የሚውሉት ጋሼ ነበሩ። ጋሼ በንጉሡ ዘመን የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እጃቸውን ሳያዩ ታይፕ የሚመቱ፣ ከተማው ሁሉ የሚያደንቃቸው ሰው። አብዮቱ ሲመጣ «የፊውዳል ጸሐፊ» ተብለው ተባረሩና ብዙ ዘመን ያለ ሥራ ተቀመጡ። እኛ ዘንድ የገቡት ፍጥነታቸውን የሚተካ ሰው ስለታጣ እንጂ ማንም ምሮአቸው አይደለም። ጠዋት ጠዋት ኪቦርዱን በመሐረባቸው ጠርገው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይጀምራሉ። የጎንደር ታርጋ ያለው መኪና በበሩ ከገባ እጃቸው ሥራውን ሳያቆም ፊታቸው ብቻ ይለወጣል። እወዳቸው ነበር።

ነገሩ የደረሰ ዕለት እኔ ገሳይ የምትባል ከተማ ነበርኩ። የዘር መጋዘኑን መዝገብ ከማሽኑ ጋር ላስተያይ በጠዋት ሄጄ፣ ከሰዓት በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ስመለስ የጋሼን ባለቤት ከግቢው በር ውጭ ቆማ አገኘኋት። በነጠላዋ የሸፈነችው የምሳ ሳህን እጇ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ምነው እዚህ ቆሙ?»

«ግቢና እይው ልጄ። ምሳውን እንኳ ላቀብለው ብል እንቢ አሉኝ።»

ሮጬ ገባሁ። ጋሼ ዘብ ቤቱ ውስጥ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ቀበቶአቸውን ወስደውባቸው ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘውታል። ያን ጊዜ ቀበቶው የተወሰደበት ሰው ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«አጠፋህ አሉኝ።»

«ምኑን?»

«ያለፈውን ዓመት ስሌት። ከክፍለ ሀገር ተቆጣጣሪ መጥቶ አሳዩኝ አለ። የጋፋት ገበሬዎች ዘራችን ተቀነሰ፣ አንድ ሰው ስሌቱን ነካክቶታል ብለው ከሰዋል አሉ። እኔም ዘወትር የምጽፈውን ጻፍኩ። ‹አልተገኘም› አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ‹አልተገኘም› አለኝ። የክፍሉ ቁልፍ ያለው አንተ ዘንድ ነው፣ አሻጥር ነው አሉ። መኪናቸው ነዳጅ ቀድቶ ሲመጣ ወደ ጎንደር ሊወስዱኝ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እጄ ይሆን እንዴ ልጄ? ሳላውቅ ነክቼው ይሆን?»

ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። እንከን የማያውቁ ሰው ራሳቸውን መጠርጠር ጀምረው ነበር።

«በማን ስም ነው የገቡት?» አልኳቸው።

«አለቃ ናቸው የከፈቱልኝ። በትልቁ ስም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ጋሼ በቅሬታ አዩኝ። እኔ ግን ማሽኑን ሳላይ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ደግሞም የኛ አገር ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተት ነው። እንግዳ ሲመጣ ከቤቱ የተሻለው መቀመጫ ይለቀቅለታል፤ አለቃችንም ከክፍለ ሀገር የመጣን ባለሥልጣን በአንድ ጸሐፊ ስም ማስተናገድ ነውር መስሎት፣ ክብሩን ጠብቆ በባለ ሙሉ ሥልጣን ስም ከፈተለት። ባለ ሙሉ ሥልጣን ደግሞ እትም ጠባቂው የት እንዳለ አያውቅም። እሱ የሚፈልገው ከጥንት በተወሰኑለት ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ «እዚህም ፈልግ» የሚለው መመሪያ የገባው ለእኛ ስም እንጂ ለእሱ አይደለም።

«ምንም የጠፋ ነገር የለም፣ ጋሼ። ይጠብቁኝ» ብዬ ወጣሁ።

ተቆጣጣሪው የአለቃችንን ወንበር ይዞ ያጨሳል። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ሽጉጡ ካፖርቱን ወደ አንድ ጎን ገፍቶታል። አለቃችን አጠገቡ ቆሞ፣ ላቡን የዚያን ቀን ብርድ እንኳ አላቆመውም።

«የማሽኑ ባለሙያ አንቺ ነሽ?» አለኝ ተቆጣጣሪው።

«ነኝ። የጠፋ ነገር የለም።»

«ሳታዪ?»

«ሳላይ።»

አለቃችን ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ግን ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩና፣ አለቃችን ከፍቶት ከነበረው ስም ወጥቼ በራሴ ስም ገባሁ። ጋሼ የጻፏትን ያችኑ ቃል ጻፍኩ። ያለፈው ዓመት ፕሮግራም ከነሙሉ አካሉ ስክሪኑ ላይ መጣ። ዞር ብዬ ተቆጣጣሪውን በኩራት አየሁት። እሱ አመዱን እያራገፈ፦

«አሁን መለስሽው ማለት ነው» አለ።

ይህን አልጠበቅሁም። እውነቱን ለመናገር ሞኝ አልነበረም። እሱ ያየው ይህን ነው፦ ሽማግሌው ጸሐፊ ፈልገው አጡ፣ ወዳጃቸው መጥታ በሌላ ስም ገባችና በአንድ ጊዜ አገኘችው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠረጥራለሁ። በውጭ በኩል የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ ነዳጅ የሚቀዳው መኪና መጥቶ ነበር።

ከወንበሩ ተነሳሁ። «እሺ ጓድ። ጋሼ ባጡበት ስም እንግባ። እኔም አልነካም፤ ራስዎ ይጻፉ።»

«እኔ?»

«እርስዎ። እኔ ቆሜ እነግርዎታለሁ።»

እንቢ ይላል ብዬ ነበር፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። አለቃችን የሚስጥር ቃሉን አስገባለትና ራቅ ብሎ ቆመ። ተቆጣጣሪው በአመልካች ጣቱ ብቻ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገ መጻፍ ጀመረ። አንዷን ፊደል ለማግኘት የሚፈጅበትን ጊዜ ሳይ፣ ጋሼን ለማሰር የፈጀበት ከዚህ ያነሰ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

መጀመሪያ ያችኑ የማዘዣ ቃል ጻፈ። «አልተገኘም» አለው። ፊቱ ተዝናና፤ የተናገረው እውነት ሆነለት።

«አሁን ደግሞ የት የት እንደፈለገ ይጠይቁት» አልኩት።

«ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል። ፓዝ ይባላል። ማዘዣ በሰጡት ቁጥር የትኞቹን ማህደሮች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚያይ የተጻፈበት ነው።»

ጻፈ። ማሽኑ የሚፈልግባቸውን ጥቂት ማህደሮች በአንድ መስመር ደርድሮ አሳየው። «እትም ጠባቂው ያለበት ማህደር ከነዚህ ውስጥ አለ?» አልኩት። ስሙን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ወረቀቱንና ስክሪኑን እያፈራረቀ አየ። የለም።

«አሁን ማህደሩን ራሱን ይክፈቱና ውስጡ ምን እንዳለ ይዩ።»

ከፈተ። መሣሪያው ከነተተከለበት ቀን ወጣለት። ቀኑ ሩቅ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የነካው የለም። ተቆጣጣሪው ሲጋራውን አስቀመጠ።

«መጨረሻ ላይ የማዘዣዋን ቃል ብቻዋን አይጻፉ። ከነሙሉ አድራሻዋ፣ ከላይኛው ማህደር ጀምረው እስከ እሷ ድረስ ይጻፉት።»

ይህኛው ረጅም ስለነበር ሁለት ጊዜ ተሳሳተና እንደገና ጀመረ። አንዴ አለቃችን ሊረዳው እጁን ሲሰድ «ተወው!» ብዬ ጮኽኩበት፤ አለቃዬ መሆኑን ያስታወስኩት ከጮኽኩ በኋላ ነው። ተቆጣጣሪው ጽፎ ጨረሰ። ያለፈው ዓመት ፕሮግራም፣ ጋሼ ደመሰሱት የተባለው፣ በባለ ሙሉ ሥልጣን ስም፣ በገዛ ጣቱ ወጣለት።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«እዚሁ ነበር እንጂ» አለ።

«እዚሁ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተገኘም ይላል? እኔ በፈለግሁበት ቦታ የለም አይልም?»

«ለሠሩት ሰዎች ይህንኑ ብነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር» አልኩት። ከልቤ ነው። ስንቱን ሰው ያሳሳተ አነጋገር ነው።

አለቃችን ነገሩ መለሳለሱን ሲያይ ድፍረት አገኘ። «እንግዲያው ባለ ሙሉ ሥልጣንም ሁሉም ቦታ እንዲፈልግ እዘዢውና ይለይለት» አለ።

«አላዝም።»

«ለምን?»

«አንድ ተንኮለኛ በዚያችው ቃል ስም ሐሰተኛ መሣሪያ ሠርቶ ከማህደሮቹ በአንዱ ቢያስቀምጥስ? እኔ ሳላውቅ ብጠራው የሚያጠፋው የኔን ሥራ ብቻ ነው። ባለ ሙሉ ሥልጣን ከጠራው ግን ሁሉን ያጠፋል፤ ሥልጣኑን ይዞለት ይሄዳላ። ስለዚህ ነው እሱ ከታመኑ ቦታዎች ውጭ እንዳይፈልግ የተደረገው። በእሱ ስም መሥራት የፈለገ ሙሉ አድራሻውን ይጽፋል። አለዚያ በራሱ ስም ይገባል።»

ተቆጣጣሪው ይህኛውን ከሁሉ ይልቅ በጥሞና ሰማው። ለካ በሥራው ቋንቋ ነው የተናገርኩት። «ይቺ ልጅ ደኅንነት ውስጥ መሥራት ነበረባት» አለው ለአለቃችን። በሕይወቴ ካገኘሁት ሙገሳ ሁሉ የጎመዘዘኝ ይሄ ነው።

ሁለቱን እትሞች አስተያይተን አተምንለት። የጋፋት ገበሬዎች ዘር የተቀነሰው ሁለት በሬ ያለው ቅድሚያ ይሰጠው የሚል መመሪያ ስለገባ፣ እነሱ ዘንድ ደግሞ ሁለት በሬ ያለው ጥቂት ስለሆነ ነው። መመሪያው የመጣው ከክፍለ ሀገር፣ ከራሱ መሥሪያ ቤት ነው። እትም ጠባቂው ይህንንም ከለውጡ ጎን ጽፎ ይዞታል። ወረቀቱን አንብቦ አጠፈና ደረት ኪሱ ከተተው።

«ሰውዬው ይምጣ» አለ።

ጋሼ ሱሪያቸውን እንደያዙ ገቡ። ቀበቶአቸውን መለሱላቸው፤ ሰው ሁሉ እያያቸው ታጠቁ። ተቆጣጣሪው፣ በአባቱ ዕድሜ የሚሆኑትን ሰው፣ «በል ያቋረጥከውን ቀጥል፣ ልይህ» አላቸው። ጋሼ በራሳቸው ስም ገቡ። ጠዋት ተጀምሮ የነበረውን እርማት ሊያስቀምጡ የማዘዣዋን ቃል ጻፉ። ማሽኑ በዚህ ጊዜ አልተገኘም አላለም። «አልተፈቀደልህም» አለ።

ጋሼ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱ። ተቆጣጣሪው ቀና አለ። እኔ ግን ይህንንም እጠብቀው ነበር፤ መጣ ብዬ እንዲያውም ቀለል አለኝ።

«ጓድ፣ ቅድም እርስዎ በባለ ሙሉ ሥልጣን ስም ሆነው ፕሮግራሙን ሲያወጡ፣ መሣሪያው የያዘውን ፋይል በዚያ ስም መዘገበው። አሁን ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። ጋሼ የእርስዎን ንብረት እንዴት ይንኩ?»

መጀመሪያ አልገባውም። ኋላ ሲገባው ሳቀ፤ በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሳቀው። በባለ ሙሉ ሥልጣን ስም ገብቼ፣ ፋይሎቹን በሙሉ አድራሻቸው ጠርቼ ባለቤትነታቸውን ለቡድናችን መለስኩና ወጣሁ። «ይሞክሩ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሞከሩ። ተቀበላቸው።

ተቆጣጣሪው ይቅርታ አልጠየቀም። «ወደ ሥራህ» ብሎ ወጣ፣ መኪናውም ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። አለቃችን የሚገባበት አጥቶ ጋሼን፦ «ከእንግዲህ የባለ ሙሉ ሥልጣኑ ሚስጥር ቃል እርስዎም ዘንድ ይሁን» አላቸው። ካሣ መሆኑ ነው። ጋሼ «አልፈልግም ጌታው፣ የራሴ ይበቃኛል» አሉና ምሳቸውን ሊበሉ ወደ በሩ ሄዱ።

እኔ ያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጥፋቱን ማሽኑን ሳላይ፣ ዘብ ቤት ቆሜ ነው ያወቅሁት፤ ሰውም ከጎንደር መኪና ላይ አውርጃለሁ። ቤቴ ገብቼ እንኳ ለራሴ ፈገግ እል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ሥራ ሲመጡ ባለቤታቸው አብራቸው መጣች። ዘቡ ሊከለክላት ሲል አንድ ጊዜ ብቻ አየችውና አለፈችው። ክፍላችን ገብታ፣ ባዶ ወንበር ስባ፣ ከባሏ ጎን ከማሽኑ ፊት ተቀመጠች። አለቃችን በሩ ላይ መጥቶ አያትና ተመልሶ ሄደ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ኪቦርዱን ጠርገው ሥራ ጀመሩ። እሷ እጆቻቸውን አታይም፤ ስክሪኑን ብቻ ነው የምታየው። እንዲህ ብላ እስከ ረፋድ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይችው ናት?»

«እሷው ናት፣ እትዬ።»

«ነገም የለም ልትል ትችላለች?»

«ልትል ትችላለች።»

«ስትል ማን ነው መኖሩን የሚያውቅ?»

«እኔ ነኛ» አልኩ። ኩራቴ ገና አልበረደም ነበር።

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «ያንለት መኪናው ነዳጅ ሊቀዳ ባይሄድ ኖሮ አንች ሳትመጭ ይዘውት ሄደው ነበር። እንግዲያው መስክ አትሂጅ፣ ልጄ።»

እሷ ከወጣች በኋላ የሳምንቱን የገሳይ ጉዞ ሰረዝኩ። ወንበሬን ወደ ጋሼ ስቤ፣ የሚስጥር ቃሉን አልፈልግም ቢሉም ግድ ብያቸው፣ በባለ ሙሉ ሥልጣን ስም እንዲገቡ አደረግሁ። «አልተገኘም ሲልዎት መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው» ብዬ፣ የት እንደሚፈልግ የሚያሳየውን ማዘዣ በራሳቸው እጅ አስጻፍኳቸው። አለቃችንንም ጠርቼ ከጀርባችን አቆምኩት። አልተቆጣኝም፤ ቆሞ ተማረ።